ልቧን የፈራች ሴት

ልብስ ሰፊዋ የገዛ ልቧን ትፈራ ነበር። ታናሽ እህቷ ዘምቢል አንጠልጥላ ደረጃ ስትወጣ፣ እዚያው ልቧ ቆሞ ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ አውቶቡስ ቢያመልጣት ቆማ ትሸኘዋለች እንጂ አትሮጥም። ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ስትውል፣ በየመሀሉ ሁለት ጣቷን አንገቷ ሥር አድርጋ የደም ሥሯን ታዳምጣለች። ሐኪሙ መርምሮ «ልብዎ ደህና ነው፤ የሚገድልዎ መቀመጡ ነው» አላት። እሷ ከዚህ ሁሉ የሰማችው «የሚገድልዎ» የሚለውን ብቻ ነው።

ፋርማሲ የምትሠራው ልጇ ይህን ስትሰማ ጊዜ አልፈጀችም። ኤሊፕቲካል የሚሉትን ማሽን አሸክማ መጣች፤ ቆመው እየረገጡ፣ እጀታውን እየገፉና እየሳቡ፣ ባሉበት የሚራመዱበት ነው። ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፋና ማሽኑ መስኮቱ ሥር ተገተረ።

«እማዬ፣ ቀስ ብለሽ ነው የምትጀምሪው። እየረገጥሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ደረትሽን ከተጫነሽ ወይም ካዞረሽ ግን ወዲያው ታቆሚያለሽ።»

«እኔ ሳቆም ልቤም አብሮ ቢቆምስ?»

ልጅቷ ልትስቅ ብላ የእናቷን ፊት ስታይ ተወችው።

የመጀመሪያ ቀን መርገጫው ከእግሯ ሥር ሸርተት ሲል «ወይኔ!» ብላ እጀታው ላይ ተለጠፈች። ጥቂት እንደረገጠች ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይደልቅ ጀመር፤ ወርዳም ለረጅም ጊዜ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። በነጋታው የደንበኛ መጋረጃ አለበሰችው፤ እንዳታየው። ልጇ መጋረጃውን ገፍፋ እንደገና አወጣቻት። እንዲህ እየተጨቃጨቁ ትንሽ ለመደች፤ ፍርሃቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ባልደረቦቹ «ካፒቴኑ» ይሉታል። እሱ ሶፋው ላይ ተንጋሎ ይስቅባታል። «መጀመሪያ መንጃ ፈቃድ አውጪ እንጂ!»

አንድ እሁድ፣ ምሳ እንደተበላ፣ እሷ ደንግጣ ከማሽኑ ስትወርድ ብድግ አለ። «ዞር በይልኝ፣ እንዴት እንደሚነዳ ላሳይሽ።» በነጠላ ጫማው ወጣና ማሽኑን ያንቀጠቅጠው ጀመር።

«አንተ ሰው፣ ቀስ በል!»

እሱ ጭራሽ ዘፈን ጀመረ። ከዚያ ዘፈኑ መሀል ላይ ተቆረጠ።

«አውራኝ እንጂ! ምነው ዝም አልክ?»

ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ ከንፈሩ ላይ ችፍ ብሏል። ግራ እጁን ከእጀታው ለቆ አገጩን ያሻል።

«ምንም አይደል... ምሳው ነው» አለ በተቆራረጠ ድምፅ።

«ምሳ አገጭ ላይ አይወጣም!»

ዘልላ ያዘችው። መርገጫው ገና እየተወዛወዘ ቅልጥሟን መታት፤ አልተሰማትም። ወገቡን አቅፋ አወረደችውና ሶፋውን አስደግፋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። አምቡላንስ ጠራች፤ ቀጥላ ልጇ ጋ ደወለች። ልጅቷ «አስፕሪን አስኝኪው፤ እንዳይነሳ» አለቻት። አስኘከችው። ከዚያ ሌላ የምታደርገው ስላጣች፣ ለራሷ የለመደቻቸውን ሁለት ጣቶች እሱ አንገት ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ምቱ ይዘላል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። በጠፋ ቁጥር የእሷ ትንፋሽም ይቀራል። «እንዳትሄድብኝ» አለችው፤ «እንዳትሄድብኝ፣ ሰማኸኝ?» በዓይኑ ብቻ መለሰላት። አምቡላንሱ የደረሰው አንድ ዕድሜ ካለፈ በኋላ መሰላት።

ሆስፒታል የተዘጋውን የልቡን ደም ሥር ከፈቱለት። ያከመችው ሐኪም ሕመሙ የዛሬ እንዳልሆነ ስትነግራቸው፣ ሚስት ወደ አልጋው ዞረች።

«ታውቀው ነበር?»

«ገበያ ስሄድ መጣ ይልና ይተወኛል» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «ለአንቺ ልንገርሽ? አንቺ ያለሱም ስትፈሪ ነው የምትውይው።»

«እኔ እንዳልፈራ ብለህ ልትሞትብኝ?» ጮኸች። አስታማሚዎቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት። ከዚያ የአንሶላውን ጫፍ ጨብጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ካገገመ በኋላ ሐኪሟ ቀስ ብሎ መርገጥ እንዲጀምር ፈቀደችለት። በዚያን ቀን ማሽኑ ፊት ቆሞ አልወጣም አለ። አንድ እግሩን ያነሳል፣ መልሶ ያወርዳል። ዕድሜ ልኩን ተሳፋሪ ሙሉ አውቶቡስ በቁልቁለት ያወረደ ሰው አንድ መርገጫ ፈራ። እንዲህ አይታው አታውቅም።

«ልቤ ይሰማኛል» አላት በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ። ያስፈራል» አለችው። አይዞህ አላለችውም፤ ለራሷ ያጣችውን ከየት ታምጣ? ሸሚዙን ከኋላው ጨበጠች። እሱም ወጣ፤ መርገጫው መዞር ጀመረ። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ድረስ ሸሚዙን አለቀቀችም።