ማኮብኮቢያው ሲዘጋ

ለአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ይህን ስም ያወጣለት ሰው ናፍቆት የገባው መሆን አለበት። ሰውም እኮ ያኮበኩባል፤ አካሉ ቤት ተቀምጦ ልቡ መንገድ ይጀምራል። አባቴ ባሕር ማዶ ያለውን ወንድሜን ሊጠይቅ እንደሄደ የአየር ጉዞ ተቀዛቀዘና አብዛኛው በረራ ሲታጠፍ እዚያው ቀረ። በደወልኩ ቁጥር «አኮብኩቤያለሁ፣ ልጄ» ይለኛል። እኔ ደግሞ እሱ የሚያርፍበትን ማኮብኮቢያ የማደስ ፕሮጀክት ኃላፊ ነኝ።

አውሮፕላን ማረፊያችን ጭር ብሎ ነበር። የታክሲ ሾፌሮቹ ሥራ ቢያጡ መኪናቸውን ሲያጥቡ ይውላሉ፤ ቀለሙን ሊያስለቅቁት ምንም አልቀራቸውም። የተረፈን በሳምንት አንድ በረራ ነው፤ እሱም መንገደኛ ካልሞላ ይሰረዛል። አባቴ ቲኬት የቆረጠው በዚያ ነበር። ሌላው አውሮፕላን ማረፊያ በመኪና ሙሉ ቀን ያስኬዳል፣ የአባቴ ጉልበት ደግሞ ያን አይችልም።

ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ደስታውን መደበቅ አልቻለም።

«በደህናው ጊዜ ቢሆን በአውሮፕላንና በአውሮፕላን መሃል እየተሻማን ዓመት ይፈጅብን ነበር። አሁን ለግንባታ ሠርግና ምላሽ ነው! ሙሉ በሙሉ ዘግተን ክረምት ሳይገባ እንጨርሰው። ኢንጂነር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ትንሽ እናጥናው» ልል ቃጣኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጥናቱን የሠራሁት ራሴ ነኝ። አስፋልቱ ተሰነጣጥቋል፣ ግማሹን ከፍቶ ግማሹን ለመሥራት ማኮብኮቢያው ጠባብ ነው። አባቴ እስኪመጣ ብቻ ቆዩልኝ ማለት አማረኝ። ግን በረራው ቢሰረዝስ? ዝናቡ የእኔን አባት አይጠብቅም፤ በተሰነጠቀው አስፋልት ላይ የሚያርፈውም የሰው አባት ነው።

«ይዘጋ» አልኩ።

ያን ዕለት ከቢሮ ሳልወጣ ደወልኩለት።

«አባዬ፣ ማኮብኮቢያው ሊዘጋ ነው።»

«ማነው ደግሞ የሚዘጋው?»

«እኔ ነኝ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጠረብኝ። «እኔ ያሳደግኳት ልጅ በር ተንኳኳ ሲባል ሮጣ የምትከፍት ነበረች። በይ እሺ፣ ሥራሽ ነው። ዳምጠውን ሰላም በይልኝ።»

ዳምጠው አስፋልት የሚጠቀጥቀው ከባዱ መኪና ነው። አባቴ እንደሚለው ከሆነ ባል ያላገባሁት በእሱ ጦስ ነው።

ሥራው ተጀመረ፤ ሠራተኛውን አላስቀምጥ አልኩ። ፎርማኑ አነጋገሩ ቁጥብ አይደለም፣ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እያለ ፊት ለፊት ይተርትብኛል። ይተርትብኝ። ለእሱ አስፋልት ነው የምናነጥፈው፤ እኔ ግን በእያንዳንዷ ሜትር አባቴን ወደ ቤት እየጎተትኩ የማመጣው ይመስለኝ ነበር። ናፍቆቱ አላስበላ አላስተኛ ብሎኛል። አባቴም እንደ አለቃ ሪፖርት ይጠይቀኛል።

«የት ደረሰ?»

«መሃሉን አልፈናል።»

«መብራቱስ?»

«እየተተከለ ነው።»

ነጩ መስመር የተቀባ ዕለት «ያምራል?» አለኝ። «በጣም ያምራል፣ አባዬ» ብዬው ስልኩን ቶሎ ዘጋሁ።

ክረምት ሳይገባ ጨረስን። ምርቃቱን ስንጠብቅ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና አየር መንገዱ ወደ እኛ የሚያደርገውን በረራ መተዉን ነገረኝ። እኛ ስንዘጋ አውሮፕላኑን ወደ ሌላ ከተማ አዛውረውት ነበር፤ እዚያ መንገደኛ አገኘና ቀረ። ጉዞ ሲያንሰራራ እናያለን ብለዋል። መቼ ነው የሚያንሰራራው? እሱን የሚያውቅ የለም።

ወጥቼ ማኮብኮቢያው ላይ ብቻዬን ቆምኩ። ለጥ ያለ፣ እንከን የማይወጣለት ሥራ ነው። እንዲህ አሳምሬ ሠርቼ አላውቅም። ዛሬም ብጠየቅ ይዘጋ ነው የምለው። ቆሜ አለቀስኩ።

ለአባቴ የምነግረውን በልቤ እያዘጋጀሁ ደወልኩ። አፌን ሳልከፍት ቀደመኝ።

«ወንድምሽ አልጋ ገዛልኝ።»

«እስካሁን አልጋ አልነበረህም እንዴ?»

«ሶፋ ላይ ነበርኩ። ሲለምነኝ እምቢ እለው ነበር። አልጋ የገዛ ሰው ምኑን መንገደኛ ሆነ?»

«ታዲያ አሁን ለምን እሺ አልክ?»

«ወገቤ ነዋ» አለ።

የት ደረሰ ብሎ አልጠየቀኝም። ወንድሜ ዜናውን ነግሮት እንደሆነ፣ ወይም ራሱ ደርሶበት እንደሆነ አላውቅም። እኔም የያዝኩትን ዋጥ አደረግኩት።

«ይመቻል?» አልኩት።

«ይመቻል» አለኝ፣ ከዚያም አልጋው በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደተዘረጋ ይነግረኝ ጀመር።