አልሰምጥ ያለው ጃኬት

ጃኬቱ አልሰምጥ አለ። ታላቋ እህት አንዱን እጅጌ ወደ ሳፋው ታች ስትደፍቀው ሌላኛው እንደ ተነፋ ፊኛ ብቅ ይላል፤ ደረቱን ስትጫነው ጀርባው ይነሳል። በመጨረሻ ተንበረከከችና በመዳፎቿ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋች በውስጡ የታመቀውን አየር ታስወጣ ጀመር። ለመግፋቱስ ማን ብሏት። ጎህ ሳይቀድ ዳቦ ቤት ገብታ ሊጥ ስትገፋ የኖረች ሴት ናት። ዛሬ ምድጃው ተበላሽቶ ጠጋኞች ስለገቡ ጋጋሪዎቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። እሷም ሥራ ፈትታ መቀመጥ አልሆንልሽ ሲላት ዓይኗ ጃኬቱ ላይ አረፈ።

ጃኬቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ሁለት መናኛ ከመግዛት አንድ ደህና ይሻላል ብለው ከታናሽ እህቷ ጋር አብረው የገዙት፣ ውስጡ ላባ የተሞላ ወፍራም የብርድ ጃኬት ነው። ታላቋ በማለዳ ለብሳው ትወጣለች፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ተመልሳ በሩ አጠገብ ትሰቅለዋለች። ታናሿ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ቲኬት ቆራጭ ስለሆነች ሥራዋ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እሷ አውርዳ ለብሳው ትሄዳለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሁለቱ መካከል የቀረው ነገር ይኸው ብቻ ነበር፤ አንዷ ትሰቅላለች፣ ሌላዋ ታወርዳለች።

ያኳረፋቸው አንድ ቀልድ ነው። ታናሿ በቤተሰቡ ዘንድ "ድመት" ትባላለች። ልጅ ሳለች ወንዝ ውስጥ ወድቃ ታላቋ በፀጉሯ ጎትታ ካወጣቻት ወዲህ ውሃ ትፈራለች። ፀጉሯን እንኳ የምትታጠበው በጣሳ እየቀዳች፣ ሳሙናው ቢያቃጥላትም ዓይኗን ሳትጨፍን ነው። ታላቋ ደግሞ ይህን ታሪክ ሰው በተሰበሰበበት መተረክ ትወዳለች። አሳምራ ነው የምትተርከው። ድመት ከውሃ ስትወጣ እንዴት እንደምትንቀጠቀጥ ታሳያለች፤ የመጀመሪያውን ትንፋሽ ድምፅ ሳይቀር ትጨምራለች። ባለፈው የታናሿ የሥራ ባልደረቦች ቤት መጥተው ሳለ ይህንኑ አወራችላቸው። እንግዶቹ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ታናሿ ብርጭቆዎቹን የያዘችበትን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ታላቋ አንድ ቀን ታኮርፍና ይወጣላታል ብላ ነበር። አልወጣላትም። ኩርፊያው እንደ እንግዳ ገብቶ ውሎ አድሮ ቤተኛ ሆነ።

ጃኬቱን ከመንከሯ በፊት እንደ ደንቡ ዚፑን ዘግታ፣ ኪሶቹን ገልብጣ ፈትሻ ነበር። አንድ መሐረብ፣ የተበጠሰ የፀጉር ማሰሪያና ምንነቱን ያላወቀችው አንድ ዕቃ አገኘች። ከጣት አንጓ አይበልጥም። ጎበጥ ያለ ሽቦ ሆኖ በሁለቱ ጫፎች ላይ ለስላሳ ጎማ ተለብጦበታል። ዘረጋችው፣ ለቀቀችው፣ ተመልሶ ገጠመ። ጥርሷ ውስጥ አድርጋ ነከስ አደረገችው። ምንም አልገባትምና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ጨመረችው።

ሌላም ያልገባት ነገር ነበር። የኮሌታው ውስጠኛ ጨርቅ ቀለሙ ለቆ ነጣ ነጣ ብሏል፤ አፍንጫዋን ስታስጠጋው በረኪና ሸተታት። መጀመሪያ ታናሿ ተደብቃ በበረኪና ያጠበችው መሰላትና ደሟ ፈላ። ይህን ጃኬት በበረኪና የሚያጥብ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ግን ደግሞ ስታስተውለው የነጣው ከማጅራቱ በታች ብቻ ነው። ያውም ጠብ ጠብ ያለ ፈሳሽ በየመስመሩ ወርዶ እንደ ሠራው ዓይነት። የሚያጥብ ሰው እንዲህ አያደርግም። የሆነ ነገር ከላይ ሲንጠባጠብበት ኖሯል።

ይህን እያሰላሰለች ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና እጅጌና ኮሌታውን በስስ ጨርቅ አሸች፤ አረፋው እስኪጠፋ ደጋግማ አለቀለቀችው። ስታወጣው እንደ ታመመ ሰው ከሥሩ በሁለት ክንዷ ደግፋ ነበር፤ ውሃ የጠጣ ላባ ከባድ ነው፣ በአንድ ጫፍ ቢያንጠለጥሉት ስፌቱ ይተረተራል። ሳትጠመዝዝ በፎጣ ጠቅልላ ጨመቀችውና ከማሞቂያው ራቅ ባለ ማስጫ ላይ ዘረጋችው። ቤቱ እርጥብ ዶሮ እርጥብ ዶሮ ሸተተ። ያ የተነፋፋ ጃኬት አሁን ቆዳና አጥንቱ ቀርቶ፣ ላባው በየስፌቱ መሃል ጓጉሎ እንደ ትናንሽ ድንጋይ ሆኗል።

ታናሿ ከክፍሏ ስትወጣ ያየችው ይህንን ነው። ከማስጫው ፊት ቆመች። እጇን ወደ ጎን ኪሱ ሰደደች፤ ባዶ ነው። መሐረቡንና የፀጉር ማሰሪያውን መደርደሪያው ላይ አይታ ሌላ ነገር ስትፈልግ ዓይኗ ወለሉን ሁሉ ዞረ። ታላቋ እጇን ሽርጧ ኪስ ውስጥ እንደ ከተተች "ምን ጠፋብሽ?" ልትላት አፏ ድረስ መጣ። ቀድሞ መናገር ግን መሸነፍ መሰላትና ዋጠችው። ታናሿ ሁለት ሹራብ ደራርባ፣ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። ከሥራ ሰዓቷ በጣም ቀደም ብላ። ታላቋ አሁን ነው ያስታወሰችው፤ ሰሞኑን ሁልጊዜም ቀደም ብላ ነበር የምትወጣው።

በታችኛው ፎቅ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፤ ሰውም ልብስም ሲያስቸግር የሕንፃው ሰው የሚሄደው ወደ እሷ ነው። ታላቋ ወርዳ የጃኬቱን ነገር ነገረቻት። ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል አጽናናቻት፤ ላባ እስኪደርቅ ድረስ እንዲህ ያስደነግጣል፣ በየጊዜው እያገላበጥሽ የጓጎለውን በጣትሽ ፍቺው፣ መታ መታ አድርጊው፣ ችኮላ ብቻ አታሳዪው አለቻት። ያኔ ታላቋ ያቺን ዕቃ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"እትዬ፣ ይህ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?"

ሰፊዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው። ከሚገባው በላይ አየችው።

"የመጋረጃ መቆንጠጫ ይመስለኛል" አለች።

"ይቺን የምታህል? የምን መጋረጃ ነው፣ የአሻንጉሊት?"

"እንግዲያውስ ጌጥ ይሆናል። የዘንድሮ ሰው የማያንጠለጥለው የለም።"

ታላቋ ደንበኞች ከሚለኩበት መስታወት ፊት ቆማ ጆሮዋ ላይ ሞከረችው፤ ወደቀ። ጣቷ ላይ አደረገችው፤ አጠበቀ። ቅንድቧ ላይ ስትሰካው ሰፊዋ ሳቋን መያዝ አቅቷት ክሩን በጥርሷ ለመበጠስ ያጎነበሰች መሰለች። በመጨረሻ ታላቋ ለቀልድ ያህል አፍንጫዋ ላይ ሰካችው። ልክክ አለ።

"እንዲህ ከሆነማ በምን ይተነፈሳል?" አለች። ድምጿ በአፍንጫዋ ተዘግቶ የሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። ሁለቱም ሳቁ። ሳቋን ለማቆም አፏን ስትገጥም ግን አየር የሚባል ነገር አልገባም። መስታወቱ ውስጥ የራሷን ፊት አየች፤ ዓይኖቿ ፈጠው ነበር። ዕቃውን ነቅላ መዳፏ ላይ ያዘችው። የኮሌታው የበረኪና ሽታ እሱም ላይ አለ። ማጅራት ላይ የሚንጠባጠብ እርጥብ ፀጉር ታሰባት። ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ያለው ትልቅ የመስታወት አዳራሽም ታሰባት፤ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ይኸው ሽታ ነው የሚቀበላት።

"ዋና" አለች፤ ጥያቄ አልነበረም።

ሰፊዋ መርፌዋን መሰኪያው ላይ ሰካች። "እኔ አልነገርኩሽም። የዋና ልብሷን ያጠበብኩላት እኔ ነኝ፤ አፌን እንድይዝ አስምላኝ ይዣለሁ። ራስሽ ነሽ የደረስሽበት፣ በእኔ አይላከክ።"

"ምን ብላ ነው ከእኔ የምትደብቀው?"

"እንዳታወሪው ነዋ።"

ሰፊዋ ይህን ያለችው "ክሬ አልቋል" በሚባልበት ድምፅ ነው። ክፋት የለበትም። ታላቋ ደረጃውን ወጥታ ጃኬቱን አገላበጠች፤ ሁለት ሦስት የጓጎሉ ቦታዎችን ፈታች። በመስኮቱ ስታይ ነፋሱ የመንገዱን ቆሻሻ እያንከባለለ ነው። ታናሿ በዚህ ብርድ እርጥብ ፀጉር ይዛ፣ በሁለት ሹራብ ብቻ ልትወጣ ነው። የራሷን የሱፍ ሻል ጠቅልላ በብብቷ ይዛ ወጣች።

የመዋኛው አዳራሽ ውስጡ ሞቃትና ጫጫታ የበዛበት ነበር። በዋናተኞቹና በሚጠብቋቸው ሰዎች መካከል ወፍራም መስታወት ቆሟል፤ ከመስታወቱ ወዲህ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። እህቷን ለመለየት ጊዜ ወሰደባት፤ ሁሉም ባለ ቆብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ከዚያ አየቻት። በጀርባዋ ተኝታ ነበር። ውሃ ላይ። ክንዶቿ ተዘርግተው፣ ጆሮዎቿ ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ዓይኖቿ ጣሪያው ላይ። ታላቋ ትንፋሿን ያዘች፤ የምትሰምጥ መስሏት ሳይሆን ከተነፈሰች የምትቀሰቅሳት መስሏት።

ታናሿ ቆይታ ቀና ስትል መስታወቱ ማዶ ያለችውን አየች። ፊቷ ተለወጠ። ከውሃው ወጥታ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በጎኑ በር መጣች።

"ኪስሽ ውስጥ ነበር" አለች ታላቋ መዳፏን ከፍታ።

ታናሿ የአፍንጫ መቆንጠጫዋን ተቀበለች። "ጃኬቱስ?"

"ታጠበ። ላባው ጓጉሏል። ሲደርቅ ይፈታል አሉኝ።"

"ኮሌታውን እኔ ነኝ ያበላሸሁት።"

"አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው። ከጀመርሽ ቆየሽ?"

"ካኮረፍኩሽ ጀምሮ።" ታናሿ ወደ ገንዳው ዳርቻ አየች። እዚያ ከፍ ያለ መዝለያ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ውሃ ከሌላው ይልቅ ይጠቁራል። "ዛሬ ከዚያ ላይ ነው የምዘለው። ባለፈው ወጥቼ ቆሜ ቆሜ በደረጃው ተመልሼ ወረድኩ።"

ታላቋ ያንን ከፍታ በዓይኗ ለካችው። እንዴት ትቆም ይሆን? አፍንጫዋን በዚያች ዕቃ ትይዛለች ወይስ በእጇ? ትጮህ ይሆን?

"እዚህ ሆኜ ልይሽ?" አለች።

"አይሆንም።"

"ለማንም አልናገርም።"

"ዛሬ አትናገሪም" አለች ታናሿ። ቁጣ አልነበረባትም። "የሆነ ቀን ግን ሰው ሲሰበሰብ ትዝ ይልሻል። ብዘልም ታወሪዋለሽ፣ ብወርድም ታወሪዋለሽ፤ ደግሞ ታሳምሪዋለሽ። አንድ ጊዜ ከውሃ አውጥተሽኛል፣ ውለታሽን አልረሳሁም። ይቺን ግን ለእኔ ተዪልኝ።"

ታላቋ ብዙ የምትመልሰው ነበራት። ቀልድ እንደሆነ፣ ከክፋት እንዳልሆነ። "ሻሉን ይዤ እጠብቅሻለሁ" ብቻ አለችና ወደ አግዳሚው ተመለሰች።

ፊቷን ወደ በሩ፣ ጀርባዋን ወደ መስታወቱ አድርጋ ተቀመጠች። ከጎኗ ልጇን የምትጠብቅ አንዲት የማታውቃት ሴት ፊቷን ወደ ገንዳው አዙራ ተቀምጣለች። የአሰልጣኙ ፊሽካ ተሰማ። ከዚያ ጫጫታው ቀነሰ። ታላቋ ሻሉን ጭኗ ላይ ጨምድዳ ያዘች። ዝምታው ረዘመ፤ አንገቷ በራሱ ጊዜ መዞር ጀመረና መለሰችው። በዓይኗ ጥግ የሴትየዋ ፊት ታያት። ሴትየዋ ከወገቧ ቀና ብላ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ታላቋ ያንንም ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች።

ውሃው ቧ አለ። ዝላይ ይሁን፣ ሌላ ዋናተኛ ይሁን፣ ማንም ሊሆን ይችላል።

"አየሽልኝ?" አለች ሴትየዋ ክንዷን ነካ አድርጋ፤ "ያቺ ልጅ እኮ..."

"አይንገሩኝ" አለች ታላቋ ዓይኗን እንደ ጨፈነች። "ከፈለገች ራሷ ትነግረኛለች።"