የተለቀመ እሺ

የስቱዲዮው ሥራ አስኪያጅ ሲደውልልኝ «ለአንድ ጉዳይ ብቅ በይ» ብቻ ነበር ያለኝ። ለወራት ቀረጻ ስላልነበረ ጉዳዩ ሥራ መሰለኝ። ስለዚህ ጠዋት ወተት አልጠጣሁም፤ ወተት ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። የሚንኮሻኮሸውን ጃኬቴንም ትቼ ሹራብ ለበስኩ፤ ማይክ ልብስ ይሰማል።

እንጀራዬ ድምፄ ነው። ክሊኒክ ወይም ኢንሹራንስ ደውላችሁ አንዲት ሴት «እንኳን ደህና መጡ፤ ለቀጠሮ አንድን ይጫኑ» ካለቻችሁ፣ ያቺ ሴት እኔ ልሆን እችላለሁ። ታላቅ እህቴ «ለአንቺ ስደውል አታነሺም፤ ክሊኒክ ስደውል ግን ወዲያው ብድግ!» እያለች ትተርበኛለች።

ስቱዲዮው ስገባ የግድግዳው ስፖንጅ እንዳለ ነው። ጽሑፌን የማስቀምጥበት ማቆሚያ ግን የለም። በቦታው የሥራ አስኪያጁ ብስክሌት ተደግፏል። ድምፅ ቀራጩ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ሁላችንም «ጆሮ» ነው የምንለው፤ ስናነብ ምራቅ መዋጣችንን ሳይቀር ለይቶ ያወጣል።

«ነይ የኔ እመቤት፣ ተቀመጪ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። «ከእንግዲህ መድከም ቀረልሽ።»

«እንዴት ማለት?»

«ማሽኑ ድምፅሽን ተምሯል፤ በድሮ ቅጂዎችሽ አሠለጠንነው። እኛ የፈለግነውን እንጽፋለን፣ እሱ በአንቺ ድምፅ ያነባል። አንቺ ቤትሽ ተኝተሽ ድምፅሽ ይሠራል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ውሉን ገፋልኝ። የተደበቀ ነገር አልነበረውም። አንድ ጊዜ ይከፍሉኛል፤ ድምፄ ለዘላለም የእነሱ ይሆናል፤ እኔ ለሌላ ለማንም ማንበብ አልችልም። በገዛ ድምፄ!

«ካልፈረምኩስ?»

«ካልፈረምሽማ» አለና ትከሻውን ሰበቀ፣ «ገበያው ተለውጧል። ሌላ ድምፅ እናስተምረዋለን፤ የምትቀሪው አንቺ ነሽ። ዕድልሽን በራስሽ እጅ ያዢ እንጂ!»

ይህን እያለ እስክሪብቶውን እጄ ላይ ሊያስጨብጠኝ ምንም አልቀረውም። «እስኪ አሰማት» አለው ጆሮን።

ጆሮ ጻፈ። ድምፅ ማጉያው ውስጥ ሆኜ «ወደ ክሊኒካችን እንኳን ደህና መጡ» አልኩ። ትንፋሽ አልወሰድኩም እንጂ እኔው ነኝ። ጆሮ ኮራ ብሎ አየኝ። ከዚያ ፈገግ አለና ሌላ ጻፈ።

«እሺ ጌታዬ፣ ተስማምቻለሁ። የት ጋ ልፈርም?» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ተንከተከተ። ጆሮም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሰው ሲስቅ ዝም ማለት አላውቅበትም። ሳቄን ሳልጨርስ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

«እሺ የሚለውን ከየት አመጣችሁት? እሺ የሚል ጽሑፍ አንብቤ አላውቅም።»

«ከመሀል ነዋ!» አለ ጆሮ፣ ዓይኑ በርቶ። «አንዴ ድገሚልኝ ስልሽ፣ ፈገግ ብለሽ በይው ስልሽ፣ ምሳ ይቆይልን ስልሽ፣ እሺ ትያለሽ አይደል? ማይኩ ክፍት ነው። አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ስሚማ!»

ተጫነው።

እሺ። እሺ። እሺ፣ ችግር የለም። እሺ። እሺ ጌታዬ። እሺ፣ ነገም እመጣለሁ። እሺ።

ርቦኝ ያልኩት አለ። ጉንፋን ይዞኝ ያልኩት አለ። ሥራ አስኪያጁ «ዘንድሮ ዋጋ ቀንሺልን» ሲለኝ ያልኩትንም ለየሁት፤ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይሰበራል። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይወጣ ነበር።

«ካሉን ቃላት ሁሉ በብዛት ያለን እሱ ነው» አለ ጆሮ። «ለዚህ ነው ጥርት ብሎ የወጣው።»

በማሽኑ አልተናደድኩም፤ ማሽን የሰጡትን ነው የሚለው። የተናደድኩት በእነዚህ ሁለቱ ነው። ትህትናዬን እንደ ፍርፋሪ ለቃቅመው፣ ጋግረው፣ መልሰው ሊያጎርሱኝ!

«እምቢ አስብለው» አልኩት።

«ምን?»

«እምቢ። ጻፍና አሰማኝ።»

ጻፈ። ድምፄ «እምቢ?» አለ፤ ለስላሳ፣ መጨረሻው ከፍ ያለ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ።

ጆሮ ተከፋ። «ናሙና የለንማ፣ ከየት ይምጣ? እስኪ አንዴ ከልብሽ በይልኝ፣ ልቅዳው።» ማዳመጫውን አጠለቀና ማይኩን ወደ አፌ አዞረው። ቀይዋ መብራት በራች።

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብዬው ቢሆን ኖሮ ስፖንጁ ሁሉ ይረግፍ ነበር። ግን ብዬው ቢሆን ኖሮ ያንንም ይሸጡት ነበር።

አፌን ገጠምኩ። ውሉን አነሳሁና ማይኩ ሥር አስጠግቼ ቀደድኩት። ጆሮ «ወይኔ!» ብሎ ማዳመጫውን ከራሱ ላይ መንጭቆ ጣለ።

«አብደሻል?» ሥራ አስኪያጁ እስከ ደረጃው ተከተለኝ። «ኋላ እንዳትለምኚኝ! ማን ይሰማሻል?»

ደረጃው ላይ ማይክ የለም። ዞር አልኩ።

«ድምፄን ዛሬውኑ አጥፋ። አንድ ቃል ያለ ፈቃዴ ከወጣ እከስሃለሁ። ሰምተሃል?»

አንተ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

መንገድ ላይ ለእህቴ ደወልኩላት።

«ቀደድሽው? አንቺ ልጅ ጤና የለሽም! ድምፅ እኮ ነው፤ አያልቅብሽም።»

«እትዬ፣ ቀሚስ ስታውሺኝ እንኳ በሳምንቱ መልሺ ትይኛለሽ።»

«ቀሚስና ድምፅ አንድ ነው?»

«አይደለማ!»

«እና አሁን ወዴት ነሽ?»

«ክሊኒኩ።»

«አመመሽ እንዴ?»

«ተናድጃለሁ።»

«እሱን አያክሙም» አለች።

ክሊኒኩን የማውቀው በማነበው አድራሻ ብቻ ነው። «ከአደባባዩ ወረድ ብሎ፣ ከፋርማሲው በላይ» እያልኩ ለሰው ሁሉ አሳይቻለሁ፤ ራሴ ረግጬው አላውቅም። ደንበኞቹን የሚያውቀው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ እኔ የማውቀው እሱን ብቻ። ደረጃውን ስወጣ ከሁሉ ይበልጥ ያቃጠለኝ ይህ ነበር።

የክሊኒኩ ባለቤት ሐኪም ናት። ስገባ ከምትጽፈው ቀና አላለችም።

«ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

«የስልካችሁ ድምፅ እኔ ነኝ።»

አሁን ቀና አለች። «ማሽን ሊሆን ነው፣ እሷም ተስማምታለች አሉን እኮ።»

«አልተስማማሁም፣ ዶክተር። ከእነሱ ጋር ጨርሻለሁ። ከፈለጉኝ እኔው መጥቼ አነብልዎታለሁ። ውሉ ግን ከእኔ ጋር ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ድምፄ ማንም ማሽን ውስጥ አይገባም።»

«እነሱ በዋጋ ይረክሳሉ።»

«ይርከሱ። እኔ አልረክስም።»

ወንበር አሳየችኝ፤ አልተቀመጥኩም። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ።

«ቀጥይ» አለችኝ።

ጉሮሮዬን ሳልጠርግ ቀጠልኩ።