ሁለት ማንኪያ

«እስከ መጨረሻዋ ቀን ሥራው ላይ ነበር» አሉ የሟቹ ባለቤት፣ ለለቅሶ ለመጣው የማተሚያ ቤት መካኒክ ወንበር እየሳቡለት። ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። መካኒኩ ግራ ገብቶት አፉን ሲከፍት፣ አብራው የምትሠራው የጽሑፍ አራሚ ፈጠን ብላ ሻይ አስያዘችውና እግሩን ረገጥ አደረገችው። ነገሩ ሲገባው ሻዩን በትኩሱ ተጋተ።

ሟቹ የእርማት ክፍል ኃላፊ፣ የእሷ አለቃ ነበሩ። ሃያ ዓመት የሰው ግድፈት ሲለቅሙ ኖረው፣ ከስምንት ወር በፊት ማተሚያ ቤቱ የስንብት ደብዳቤ ሰጣቸው። ደብዳቤው ውስጥ ሁለት ስህተት አግኝተው በቀይ ቀለም አርመው መለሱለት። ለሚስታቸው መንገር ግን ሞት ሆነባቸው። እንደ ወትሮው ጠዋት ምሳቸውን ይዘው ይወጡና መናፈሻው አግዳሚ ላይ ይውሉ ነበር።

አራሚዋ አንጀቷ አልችል ብሎ በየምሳ ሰዓቱ ትሄድ ነበር። ሥራ ብላ የምትወስድላቸው ታትሞ ያለቀ ጽሑፍ ነው፤ ራሷ ስህተት እየጨመረችበት እንደ አዲስ የጻፈችው። «ያለ እርስዎ አልሆነልንም፣ ጋሼ» ስትላቸው መነጽራቸውን ይወለውላሉ። ከዚያ ስህተቱ በዛ ብለው ይቆጧታል። ምሳውን አብረው ይበላሉ። ሚስቴ ዘንድሮ መቁጠር ጠፋባት፣ ለአንድ ሰው ሁለት ማንኪያ ትልካለች እያሉ ይስቁ ነበር።

አሁን ማን ይቆጣታል?

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ባለቤትየው ወደ ወጥ ቤት ጠሯት። ጉዱ ወጣ ብላ ተከተለቻቸው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ እኮ...»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። በመጀመሪያው ሳምንት እጅጌው ላይ ቀይ ቀለም ሳጣ ተከትዬው ሄድኩ። ብቻውን ተቀምጦ አይቼው ዝም ብዬ ተመለስኩ። በኋላ ቀለሙ ተመልሶ መጣ። የሚያስብለት ሰው እንዳገኘ ያኔ ገባኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ጠዋት ክራቫቱን ሲያስር ፊቱ ይበራ ነበር። እንዴት ብዬ?»

ከመደርደሪያው የምሳ ዕቃውን አውርደው ከፈቱት። ሙሉ ነው። ዛሬም እጃቸው ለምዶባቸው ቋጥረውታል፤ ሁለቱ ማንኪያዎችም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

እትዬ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እህል አልቀመሱም ነበር። አራሚዋ አንዱን ማንኪያ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ የራሷን ያዘችና እስኪጀምሩ ጠበቀቻቸው።