የዋና ትምህርት

ፍረዱኝ እስቲ! አምስተኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ የማይችሉ ልጆችን ሰብስቤ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ከሀ ሁ ጀምሬ አስተምራለሁ። ጣሪያዋ ያፈሳል፤ ወንበሮቿ ከሌላ ክፍል የተባረሩ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ልጆቹ ፊደል መግጠም ጀምረውልኛል። ታዲያ ዳይሬክተራችን አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እትዬ፣ ይቺ ክፍል ለስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ ተፈልጋለች። ከውጭ የሚደግፍሽ ካላገኘሽ ልጆቹ ወደየክፍላቸው ይመለሳሉ።»

ደሜ ፈላ። «ኳስ ጥላ ይፈልጋል እንዴ? ፀሐይ ይመታኛል አለህ?» አልኩት።

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከላይ የታዘዘውን ነው ወደ ታች የሚያወርደው። ግን እኔም ዝም ብዬ አልነበረም የነደደኝ። ከነዚያ ልጆች አንዷ የራሴ ልጅ ናት። አዎ፣ የመምህርት ልጅ! ጆሮዋ ስል ስለሆነ ሌሎች ሲያነቡ ሰምታ በቃሏ ትይዝና፣ ተራዋ ሲደርስ ገጹን እያየች ታንበለብለዋለች። እኔንም ጨምሮ ሁላችንን ስታታልል ኖራ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተነቃባት። ሲነበብ ያልሰማችው ጽሑፍ ሲሰጣት አንገቷን ደፍታ ዝም ነው። ብትገርፋት አትተነፍስም። ስልሳ ልጅ ወደታጨቀበት ክፍል ብትመለስ ያው ዝምታዋ ውስጥ ገብታ እንደምትቀር አውቀዋለሁ፤ እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው።

የሒሳብ መምህራችን፣ እኛ «ካልኩሌተር» የምንለው፣ ለክፍል ፕሮግራሞች ገንዘብ የሚሰጥ ድርጅት እንዳለ የነገረኝ ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን ነው። እሱ ለሰው መንገር የሚያስታውሰው ሲያልቅ ነው። መምህራን ማረፊያ ገብቼ ጻፍኩ። ርዕሱን «የዋና ትምህርት ማጠናከሪያ» አልኩት፤ ከንባብ የበለጠ ዋና ምን አለ? ደግሞ ደረቅ እንዳይሆንብኝ ትንሽ አስዋብኩት። «ልጆቻችን እየሰመጡ ነው። እጃቸውን የሚይዝ ካላገኙ ከጥልቁ አይወጡም። መምህርቷ አብራቸው ገብታለች» ብዬ ጻፍኩ። ካልኩሌተር አንብቦ «አንቺስ ደራሲ መሆን ነበረብሽ» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ዳይሬክተሩ ሲሰማ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ሳቀ። ሳምንታት አለፉና ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፦ «ማመልከቻዎ ለመጨረሻው ዙር አልፏል። ገምጋሚያችን ሐሙስ ጠዋት መጥተው የዋና ትምህርቱን በአካል ያያሉ።» እልል አልኩ። ዳይሬክተሩም ላሚቱ ከሰማይ ስትወርድ አይቶ ግቢውን ያስጠርግ ጀመር።

ሐሙስ ገምጋሚው መጡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ያቀፉ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ግቢውን ግራ ቀኝ ቃኙና፣

«ገንዳው የት ነው?» አሉ።

እጃቸው ላይ የተጨማደደ ሶፍት አየሁ። «ከጓሮ ነው፣ ይስጡኝ እኔ እጥልልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ኧረ ግድ የለም። እሱን ራሱን ማየት ነው የምፈልገው።»

ሰው አገር አቋርጦ መጥቶ የቆሻሻ ገንዳ ልይ ይላል? እንግዲህ ገምጋሚ ናቸው፣ ንጽሕናም ይገመግሙ ይሆናል ብዬ ወሰድኳቸው። ገንዳው ሞልቶ ዝንብ ወሮታል። ቆመው አዩት። አፍንጫቸውን ያዙ። ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩና፣

«መምህርት፣ ልጆቹ እዚህ ውስጥ ነው የሚዋኙት?» አሉኝ።

«ማን ይዋኛል?»

ማመልከቻዬን ከቦርሳቸው አውጥተው ርዕሱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይኸው! ዋና!» አሉ፣ «ና»ን አላልተው።

«ዋና እኮ አይደለም፣ ዋና ነው!» አልኩ፣ እኔ ደግሞ አጥብቄ።

ስንቴ ተባባልን መሰላችሁ! ዳይሬክተሩ በመሀላችን ቆሞ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። በመጨረሻ ገባኝ። እየሰመጡ ነው። ከጥልቁ አይወጡም። አብራቸው ገብታለች። ወይኔ ጉዴ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይሄ ነው።

«እኛ እኮ በስፖርት ዘርፍ ነው ያሳለፍነው» አሉ ገምጋሚው፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ገንዳ ለሌለው ትምህርት ቤት የዋና ገንዘብ መስጠት አልችልም።»

ልጄ ነች የታየችኝ፤ ከስልሳ ልጅ መሀል አንገቷን ደፍታ። ንዴቴ እንኳ የት እንደገባ እንጃ፣ «እሺ፣ ከመጡ አይቀር ክፍሌን ይዩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

ገቡ። ልጆቹ ብድግ አሉ። ሰውየው ያንኑ ማመልከቻ እንደያዙ ፊት ወንበር ላይ ወዳለችው ልጅ ጎንበስ ብለው፣ «እስቲ ይቺን ርዕስ አንብቢልኝ» አሏት። ከዚያ ሁሉ ልጅ የኔዋን! ወረቀቱን አይታው አታውቅም፣ ማንም አንብቦላት አያውቅም።

ጣቷን ፊደሉ ላይ አደረገች። «የ… ዋ… ና…» አለችና ቆመች። አለቀልን፣ ዝም ልትል ነው አልኩ። ቀና ብላ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?»

ሰውየው ርዕሱን ደግመው አዩት። ከዚያ እንዴት ያለ ሳቅ መጣ! መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። «ቢሮ ውስጥ ስንት ሰው ፈርሞበት፣ ይቺን አንድም ሰው አልጠየቀም! እኔም አልጠየቅኩም!» አሉ። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ፊታችን ደወሉ። «የንባብ ዘርፍ ውስጥ ቦታ አለ አይደል? … አመልካች አልመጣም? እንግዲያው ይሄን አዛውረው። … ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።» ስልኩን ዘጉና፣ «ጣሪያውንም ጨምረን እንይዝልዎታለን፣ መምህርት። ብቻ ሁለተኛ ሲጽፉ አያስውቡብን» አሉኝ።

እፎይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዳይሬክተሩን ዞር ብዬ አየሁት፤ ኳሶቹን የት እንደሚያስገባ ማሰብ ጀምሯል መሰለኝ። የራሱ ጉዳይ።

ማታ ከልጄ ጋር ወደ ቤት በእግራችን ስንሄድ እጄን ጎተት አድርጋ፣

«እማዬ፣ ተናደሽብኛል?» አለችኝ።

«ለምን ብዬ?»

«ሰው ፊት አላወቅኩም ብዬ ስለጠየቅኩ። በፊት ሳላውቅ ዝም ነበር የምለው። ዛሬ ግን ከሁለቱ አንዱ እንደሆነ አወቅኩ፤ የቱ እንደሆነ ብቻ ነው የጠፋኝ።»

መንገድ መሀል ቆሜ አቀፍኳት። የታክሲ ሹፌር ጥሩንባውን አንባረቀብን። ሌላ ቀን ቢሆን አፌን ከፍቼ እሰድበው ነበር፤ ዛሬ እጄን አውለብልቤለት እያለቀስኩ አለፍኩ።