የማይነቃነቁ ወንበሮች

አናጢው በእንጨት ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ወንበሩ የሚወላገድበት ቤት ውስጥ ቁም ነገር ይገኛል ብሎም አያምንም። ጉድ የሠራውም ይኸው እምነቱ ነው።

አንድ ልጁን ቤተሰቡ «ጠያቂዋ» ይላታል። ሁለት የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ተቀብለዋት ነበር። አንደኛው አሮጌ ነው፤ ግድግዳው የተላላጠ፣ ወንበሩ ሲቀመጡበት የሚያቃስት። ሁለተኛው አዲስ ነው፤ የወንበሮቹን ሥራ ለአናጢው የሰጠውም እሱ ነው። ደረቅ እንጨት፣ ደህና ቫርኒሽ አቅርበው፣ ሳያጣድፉ አሠሩት።

«አባዬ፣ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ አይደለም እኮ» አለችው ያኔ። «አሮጌው ሊከስር የደረሰ ድርጅት ታሪክ ይሰጥህና ‹አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?› ብሎ ያፋጥጥሃል። አዲሱ ጋ መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ይገለብጣል። ቀጣሪዎች የሚያምኑትም አሮጌውን ነው።»

«ወንበር ማስጠገን ያቃተው ነው ድርጅት መምራት የሚያስተምርሽ?»

ሳቀች። መሳቋን እሺታ አደረገው። አባቷን እምቢ ብላ ስለማታውቅ አዲሱ ገባች፤ አሮጌው ደግሞ አንዴ የተወውን ሰው መልሶ አይቀበልም።

ከተመረቀች ወዲህ ያላንኳኳችው በር የለም። የትምህርት ቤቷን ስም ያዩና «እንደውልልሻለን» ይሏታል። የሚደውል የለም። አሁን አሁን ጠያቂዋ መጠየቅ ትታለች፤ ራት ላይ አንገቷን ደፍታ በልታ ትነሳለች። አባቷም ቀና ብሎ አያያትም።

ትናንት ስልክ ተደወለ፤ ለእሱ ነው። የአዲሱ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነበር።

«ተዘግቷል እኮ፤ ፈቃዱን ነጠቁት። ዕቃው ሊሸጥ ነው፤ ወንበሮቹን የሚፈልጓቸው ከሆነ ይምጡ።»

ልጁ ላግዝህ ብላ ተከተለችው። ባዶው አዳራሽ ሲገቡ እጁ እንደ ልማዱ የአንዱን ወንበር መደገፊያ ይዞ ነቀነቀ። ንቅንቅ አላለም። ሌላውንም ሞከረ። ያም እንዲሁ። «አጠፋሁ ልጄ» ሊላት ፈልጎ ወደ ሦስተኛው ወንበር ዞረ።

እሷ መስኮቱ ሥር፣ ድሮ ትቀመጥበት የነበረው ላይ ተቀምጣለች።

«ወንበሮቹስ ጥሩ ናቸው፣ አባዬ።»

ልታሾፍበት አይደለም፤ ልታጽናናው ነው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«አንተ እኔን ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

አጠገቡ ባለው ላይ ዘፍ አለ። ወንበሩ ድምፅ እንኳ አላሰማም።