የወንድሜ አንድ ውርወራ

ሬጂስ ዶምቤክን ጠልቼ አልጠግበውም። በየዓመቱ የአሜሪካ ፉትቦል ወቅት ሊጀመር ሲል የሬዲዮ ማይኩን አንጠልጥሎ መጠጥ ቤቴ ይመጣና፣ የከተማችን ቡድን እስከ ዛሬ ካሰለፋቸው ኳርተርባኮች፣ ኳሱን እየወረወሩ ጨዋታውን ከሚመሩት፣ ማን እንደሚበልጥ በቀጥታ ስርጭት ያከራክራል። ለአንደኛነቱ ሰዉ እርስ በርሱ ይበላላል። ውራው ግን ሁልጊዜ ወንድሜ ኤሜት ነው። ስለ አንዲት ውርወራ!

ለዋንጫ ሊያልፉ ጥቂት ሲቀራቸው ኤሜት የወረወረው ኳስ ተቃራኒ እጅ ገባ። ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ኳርተርባክ የሆነ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፤ ጓደኛውን አሳልፎ አይሰጥም። ኳሱን መቀበል የነበረበት የቡድን ጓደኛው ማን ነበር? ይኸው ሬጂስ! የተሳሳተው እሱ መሆኑን ኤሜት ለእኔ ብቻ ነገረኝና «ሆድ ይፍጀው» አለኝ። ሬጂስ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ በወንድሜ ስም ይቀልዳል። ኤሜት ሰው ይስቅብኛል ብሎ ከቤት መውጣት ትቷል። ቆሽቴ አርሯል!

ዘንድሮ ተዘጋጅቼ ጠበቅሁት። ቅዳሜ ቀትር ላይ ቤቱ ጢም ብሏል።

«ሃልቨርሰንን የሚያህል ክንድ የለም!» አለ ጡረተኛው ጋስ።

«ክንዱን ምን ላድርገው፣ ሲጨንቀው ኳሱን ለጠላት የሚያድል!» አለች ዶሎረስ። «የኔው ፕሩዊት ይሻላል።»

«አንቺ ደግሞ ፕሩዊትን የወደድሽው በመልኩ ነው!»

ሳቁ ሲበርድ ጣልቃ ገባሁ። «ሬጂስዬ፣ እስቲ ኤሜት ምን እንዳጠፋ አሳየን።»

እኛ ዘንድ ጨዋታ የሚተነተነው ጠረጴዛ ላይ ባለው ዕቃ ነው። ሬጂስ ደስ እያለው የካቻፕ ጠርሙሱን አቆመ። «ይሄ ኤሜት። የጨው ዕቃዋ እኔ። ቀጥ ብዬ ሮጬ፣ እዚህ ስደርስ ወደ ውጭ፣ ወደ ሜዳው ዳር መስመር እታጠፋለሁ።»

«ወደ ውጭ? እርግጠኛ ነህ?»

«የተጫወትኩት እኔ ነኝ እኮ! ታጠፍኩ፣ እሱ ግን ለተቃራኒ ሰጠው!» ከማውራቱ ብዛት የራሱን ውሸት አምኖታል።

ቴሌቪዥን ያኔ ያሳየው ኳሱን ብቻ ነበር። እኔ ግን ከስታዲየሙ አናት የተቀረጸውን፣ ሁሉም ተጫዋች የሚታይበትን ፊልም ከያኔው አሰልጣኝ መበለት ለምኜ አምጥቻለሁ። ከፈትኩት። ኳሱ ወደ ውጭ በረረ። ሬጂስ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ውስጥ ሮጠ።

ሰዉ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ወደቆመችው የጨው ዕቃ ዞረ።

«ሬጂስ፣ የጨው ዕቃዋ ወዴት እየሄደች ነው?» አለ ጋስ።

ሳቁ ጣሪያውን ሊገነጥለው ደረሰ። ሬጂስ «አጥፉት! ማይኩን አጥፉት!» ይላል፤ ማን ሰምቶት። ኳርተርባክ ባይሆንም ውራ እሱ ይሁን ብለው በጭብጨባ መረጡት። ላብ ፊቱን አጥቦት ዕቃውን ሳይሰበስብ ወጣ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ስልኬ ጮኸ። ኤሜት ነው።

«በሬዲዮ ሰማህ?» አልኩት እየሳቅኩ። «የታባቱ!»

«ሰማሁ። ቨርና፣ ሁሉን ባጣም ጓደኛዬን አልሸጥኩም ብዬ ነበር የምጽናናው። ከዚያ ቡድን የቀረችኝ ያቺ መጽናኛ ብቻ ነበረች። አንቺ ወሰድሽብኝ።»

ዘጋው። መልሼ ደወልኩ፤ አያነሳም።

«ቨርና፣ ፊልሙን ድገሚው እንጂ!» አለ ጋስ።

እንባዬን በእጄ ጠርጌ ደገምኩት።